የሊንድበርግ ሕፃን እገታና ይግባኙ፦ ተረትና እውነታ

የእገታ ወሬ ሰፈር ለሰፈር ሲዞር የሚነሳው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። የማን ልጅ ነው የታገተው? ስንት ጠየቁ? ቤተሰቡ ከፈለ ወይ? አጋቹ ተይዞ ሲፈረድበትም ሰው ሁሉ ይሰማል። ፍርደኛው "ይግባኝ" ካለ በኋላ የሚሆነውን ግን አብዛኛው ሰው በስሚ ስሚ ብቻ ያውቀዋል። አንዱ "ገንዘብ ያለው በይግባኝ ይወጣል" ይላል፤ ሌላው "ሦስት ፍርድ ቤት ካጸናበትማ ምን ጥርጥር አለ?" ይላል። ሁለቱም ይግባኝ የሚሠራውን ሥራ በትክክል አይገልጹም።

ይህን ለማጥራት በአሜሪካ ታሪክ እጅግ የታወቀውን የእገታ ጉዳይ እንመልከት። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1927 አትላንቲክ ውቅያኖስን ለብቻው፣ ያለ ማረፍ አቋርጦ ስመ ጥር የሆነው አብራሪ ቻርልስ ሊንድበርግ የ20 ወር ልጁ ማርች 1 ቀን 1932 ሌሊት፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ሆፕዌል አጠገብ ከሚገኘው ቤቱ ተሰረቀበት። በመስኮቱ ደፍ ላይ 50,000 ዶላር የሚጠይቅ ደብዳቤ ተገኘ። በውጭ ደግሞ ከሦስት ቁራጭ የተሠራ የእንጨት መሰላል ወድቆ ነበር። ገንዘቡ ኤፕሪል 2 ቀን ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ በአንድ መቃብር ስፍራ ተከፈለ። ሕፃኑ ግን አልተመለሰም። ሜይ 12 ቀን አስከሬኑ ከቤቱ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ በጫካ ውስጥ ተገኘ። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ብሩኖ ሪቻርድ ሀውፕትማን የሚባል ጀርመናዊ ስደተኛ አናጢ ተያዘ፤ በ1935 መጀመሪያ ተፈረደበት፤ በ1936 ተገደለ።

ዘመኑን ለማስታወስ ያህል፣ ታይም መጽሔት "የዓመቱ ሰው" ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰየመው ይህንኑ ሊንድበርግን ነው። በጃንዋሪ 1936 ያው ስያሜ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲሰጥ፣ ሀውፕትማን ይግባኙ አልቆ የይቅርታ ልመናው እስኪታይለት እየጠበቀ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ተወርቷል። ከወሬው ስምንቱን እንመርምር።

ተረት 1፦ ሀውፕትማን የተፈረደበት ሕፃን አግቶ ማስለቀቂያ በመቀበል ወንጀል ነው።

እውነታ፦ በእገታም ሆነ ማስለቀቂያ በመቀበል አልተፈረደበትም። የተፈረደበት በግድያ ነው።

ሴፕቴምበር 19 ቀን 1934 ሲያዝ መጀመሪያ የተከሰሰው ብሮንክስ ውስጥ፣ አስፈራርቶ ገንዘብ ተቀብሏል በሚል ነበር። ይህ ክስ እስከ መጨረሻው ሳይሰማ ቀረ፤ ኒው ጀርሲ ተረክባው በራሷ ክስ አቆመችው። በዚያን ጊዜ በኒው ጀርሲ ሕግ እገታ ብቻውን በሞት አያስቀጣም ነበር። በሌላ በኩል አንድ ሰው ለመስረቅ ሌሊት ቤት ሰብሮ ሲገባ በዚያው ድርጊት ሰው ቢሞት፣ የመግደል ሐሳብ ባይኖረውም እንኳ፣ ወንጀሉ አንደኛ ደረጃ ግድያ ይሆናል። ቅጣቱም ጁሪው (ጥፋተኛነትን የሚወስነው የዜጎች ጉባኤ) ዕድሜ ልክ ይሁንለት ብሎ ካላሳሰበ በስተቀር ሞት ነው። ዐቃቤ ሕግ የመረጠው ይህን መንገድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሕግ እንቆቅልሽ ይነሳል። "ለመስረቅ" የሚለው ቃል ንብረትን ይመለከታል፤ ሕፃን ደግሞ ንብረት አይደለም። ታዲያ ሌባው ምን ሊሰርቅ ገባ? የመንግሥት ወገን መልሱን ያገኘው ሕፃኑ በለበሰው የሌሊት ልብስ ላይ ነው። አጋቹ ልጁ በእጁ እንዳለ ለማሳመን ያንኑ ልብስ በኋላ በፖስታ ልኮት ነበር። የተከላካይ ጠበቆች በይግባኝ ላይ ይህን ክፉኛ ተቹት፤ ልብሱ የተወሰደው ልጁ ስለለበሰው እንጂ ማንም ልብስ ሊሰርቅ አልመጣም አሉ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ግን የልብሱ ስርቆት ለክሱ ይበቃል ብሎ ክርክራቸውን ውድቅ አደረገ። ዓለም ሁሉ የተነጋገረበት የዚህ ጉዳይ የሞት ቅጣት በሕግ በኩል የቆመው በአንድ የሕፃን የሌሊት ልብስ ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

ተረት 2፦ ለሞት ያበቃው "የሊንድበርግ ሕግ" የተባለው አዋጅ ነው።

እውነታ፦ ያ ሕግ ሀውፕትማንን አልነካውም። ታግቶ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት የተሻገረን ሰው ጉዳይ የፌዴራል ወንጀል ያደረገው አዋጅ የወጣው ጁን 22 ቀን 1932 ነው። ሕፃኑ ቢኖር ሁለት ዓመት የሚሞላበት ዕለት መሆኑ ነው። እገታው የተፈጸመው ግን በማርች ነበር፤ የወንጀል ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም። የሞት ቅጣት በዚህ አዋጅ ውስጥ የገባውም በ1934 ማሻሻያ ነው። የሀውፕትማን ጉዳይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በኒው ጀርሲ ክፍለ ግዛት ሕግ የታየ ነው።

አዋጁ የያዘው ሌሎች ሰዎችን ነው። የ1934ቱ ማሻሻያ "ለማስለቀቂያ ወይም ለጥቅም" ከሚለው ቀጥሎ "ወይም በሌላ ምክንያት" የሚል ጨመረበት። አርተር ጉች የተባለ ተፈላጊ ወንጀለኛ ላለመያዝ ሲል ሁለት ፖሊሶችን አግቶ ከቴክሳስ ወደ ኦክላሆማ አሻገራቸው፤ ሳይገድላቸውም ለቀቃቸው። ገንዘብ አልጠየቀም። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በፌብሩዋሪ 1936 ፍርድ ቤቱ "በሌላ ምክንያት" የሚለው ሐረግ ይህንንም ይሸፍናል አለ። ጉች በዚያው ዓመት ጁን 19 ቀን ተሰቀለ። የዛሬ አንባቢ ከዚህ የሚወስደው ነገር አለ፦ በብዙ አገር ሕግ እገታ ወንጀል ለመሆን ገንዘብ መጠየቅ የግድ አይደለም። ማስለቀቂያ መጠየቁ ወንጀሉን ያከብደዋል፤ የራሱ አንቀጽ ሲኖረውም የራሱን ማስረጃ ይጠይቃል።

ተረት 3፦ ይግባኝ ማለት ክሱን ከሀ ጀምሮ እንደገና መስማት ነው።

እውነታ፦ በይግባኝ ችሎት ምስክር አይቆምም፤ ጁሪም አይቀመጥም። ዳኞቹ የሚያዩት መዝገብ ነው።

የሀውፕትማን ክስ ፍሌሚንግተን በምትባል ትንሽ ከተማ ከጃንዋሪ 2 እስከ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1935 ተሰማ። ስምንት ወንዶችና አራት ሴቶች ያሉበት ጁሪ 11 ሰዓት ያህል መክሮ ጥፋተኛ ነው አለ፤ ዕድሜ ልክ ይሁንለት የሚል አሳብ ግን አላቀረበም። ስለዚህ ዳኛው ቶማስ ትሬንቻርድ ሞት ፈረዱ። ቅጣቱ በማርች ሊፈጸም ተቆርጦ የነበረ ቢሆንም ይግባኙ አገደው። ጁን 20 ቀን ትሬንተን ላይ፣ የዚያን ጊዜ የኒው ጀርሲ ከፍተኛው ችሎት በሆነው የስህተትና የይግባኝ ፍርድ ቤት ፊት ጠበቆች ተከራከሩ። ሁለቱም ወገኖች ስለ መዝገቡ ተናገሩ፤ ዳኞቹም መዝገቡን ይዘው ሄዱ። ውሳኔው የመጣው ኦክቶበር 9 ቀን 1935 ነው።

ዳኞቹ በእጃቸው የያዙት ጥያቄ "እኛ ብንሆን ምን እንፈርድ ነበር?" የሚል አልነበረም። ማስረጃው በሕጉ መሠረት ተቀባይነት ነበረው ወይ? ዳኛው ለጁሪው የሰጡት መመሪያ ትክክል ነበር ወይ? ውሳኔው ከማስረጃው ሚዛን ጋር ይጋጫል ወይ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በሁሉም ቦታ የሚፈቀድ አልነበረም፤ የኒው ጀርሲ ሕግ ግን ፈቅዶት ነበር። ሀውፕትማን በይግባኝ ያገኘው ዕድል በዘመኑ ከብዙዎች የሰፋ ነበር ማለት ነው።

በእኛም አገር ልዩነቱ ይታወቃል። ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም ይመረምራል፤ ሰበር ችሎት ግን መሠረታዊ የሕግ ስህተት ብቻ ይፈልጋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ይግባኝን የተከሳሽ መብት አድርጎታል፤ የፌዴራሉን የሰበር ሥልጣን ደግሞ በአንቀጽ 80 ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰጥቶታል። "ሰበር ሄዶ ምስክሮቹን ያሰማል" የሚል ሰው ካጋጠመዎት ችሎቶቹን አደባልቋል።

ተረት 4፦ የተፈረደበት ዓይኑ በደከመ አንድ ሽማግሌ ምስክርነት ነው።

እውነታ፦ ሽማግሌው ነበሩ፤ ፍርዱ ግን በእሳቸው ላይ አልቆመም። አንድ የ87 ዓመት አዛውንት ሀውፕትማንን በወንጀሉ ቀን በአካባቢው አይቼዋለሁ ብለው መስክረዋል፤ የዓይናቸው ነገር አጠራጣሪ መሆኑም እውነት ነው። ሊንድበርግ ራሱ በመቃብር ስፍራው የሰማት የሁለት ቃል ጥሪ የሀውፕትማን ድምፅ ነው ማለቱም፣ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ የቆየ ትዝታ በመሆኑ እስከ ዛሬ ይተቻል።

የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ግን ሚዛኑን ሲለካ ፊት ለፊት ያስቀመጠው ሦስት ነገር ነው። እነሱም የማስለቀቂያው ገንዘብ፣ የደብዳቤዎቹ የእጅ ጽሑፍና የመሰላሉ እንጨት ናቸው። ሦስቱ እርስ በርስ ብዙም የማይገናኙ ምንጮች ሆነው ሳለ ወደ አንድ ሰው ያመለክታሉ አለ።

ገንዘቡ ሲከፈል የኖቶቹ ቁጥር ተመዝግቦ ነበር። አብዛኛው በወርቅ የሚመነዘር ኖት ነበር፤ በ1933 መንግሥት ወርቅና የወርቅ ኖት ወደ ባንክ ይመለስ ብሎ ሲያዝ እንዲህ ያለ ኖት ይዞ መገበያየት ዓይን ውስጥ የሚያስገባ ሆነ። በሴፕቴምበር 1934 አንድ የቤንዚን ማደያ ሠራተኛ የ10 ዶላር የወርቅ ኖት ሲቀበል ጠርጥሮ የመኪናውን ታርጋ ኖቱ ላይ ጻፈው። ታርጋው የሀውፕትማን ነበር። በጋራዡ ሲፈተሽ ከ14,000 ዶላር በላይ የማስለቀቂያ ገንዘብ ተደብቆ ተገኘ። እሱ ገንዘቡን ያስቀመጠብኝ ኢሲዶር ፊሽ የሚባል ጓደኛዬ ነው አለ፤ ፊሽ ግን ጀርመን ሄዶ በ1934 በሳንባ ነቀርሳ ሞቶ ነበር።

በእጅ ጽሑፉ ላይ ስምንት የመንግሥት ባለሙያዎች መሰከሩ። ስለ እንጨቱ የተናገረው ደግሞ በዊስኮንሲን የመንግሥት የደን ውጤቶች ላቦራቶሪ የሚሠራው አርተር ኮለር ነው። ከመሰላሉ ቋሚዎች አንዱ በሀውፕትማን ቤት ጣሪያ ሥር ከነበረ ወለል ላይ የተቆረጠ ነው አለ፤ የምስማር ቀዳዳዎቹንና የእንጨቱን የዕድሜ ቀለበቶች አዛምዶ አሳየ። ይህን ማስረጃ የሚጠራጠሩ፣ ሳንቃውን ፖሊስ ራሱ አመጣው የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። መጠራጠር መብታቸው ነው። "በአንድ ሽማግሌ ዓይን ተገደለ" ማለት ግን መዝገቡን አለማንበብ ነው።

ተረት 5፦ የችሎቱ ሂደት ጉድለት ስለነበረው ፍርዱ የግድ መሻር ነበረበት።

እውነታ፦ ጉድለት ሁሉ ፍርድ አያሽርም። ይግባኝ ሰሚ ዳኛ የሚፈልገው ውጤቱን ሊለውጥ የሚችል ስህተት ነው።

የፍሌሚንግተኑ ችሎት ገበያ ይመስል ነበር። ከተማዋን ጋዜጠኛና ወሬ ፈላጊ አጥለቀለቃት፤ በየመንገዱ የመሰላሉ ትንንሽ አምሳያዎች ለማስታወሻ ይሸጡ ነበር። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ዴቪድ ዊለንዝ በመክፈቻው ሕፃኑ የሞተው መሰላሉ ተሰብሮ ሲወድቅ ነው ብሎ ጀመረ፤ በመዝጊያው ግን እዚያው አልጋው ላይ ተመትቶ ነው የተገደለው አለ። ዳኛው ትሬንቻርድም የፊሽን ታሪክ ለጁሪው ሲያጠቃልሉ "ይህን ታምናላችሁ?" የሚል መንፈስ ያለው ጥያቄ ጣል አድርገዋል። ጠበቆቹ ይህን ሁሉ በይግባኝ አቀረቡት።

ፍርድ ቤቱ ስለ ዳኛው አነጋገር የሰጠው መልስ የሕግ ነው፦ በኒው ጀርሲ ዳኛ በማስረጃ ላይ አስተያየት መስጠት ይችላል፤ የመጨረሻው ውሳኔ የጁሪው መሆኑን እስከነገራቸው ድረስ ስህተት አይባልም። የዊለንዝ ታሪክ መቀየርም ቢሆን በክሱ ዓይነት ምክንያት ክብደቱ ቀነሰ፤ ቤት ሰብሮ በመግባት ላይ የደረሰ ሞት እስከሆነ ድረስ በመውደቅም ይሁን በመመታት አንደኛ ደረጃ ግድያ ነው።

ዛሬ ያ ችሎት ቢደገም ውጤቱ እንዲሁ ይሆን ነበር ማለት ግን አይደለም። የፍርድ ቤት ሕግና ልማድ ከዚያ ወዲህ ተቀይሯል። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በ1937 ካሜራ ከችሎት እንዲወጣ መመሪያ አወጣ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደግሞ በ1966 የጋዜጣ ጫጫታ የፍርዱን ሂደት ስላበላሸ ብቻ የአንድ ሐኪም የግድያ ፍርድ እንዲነሳ ወስኗል። በ1935 ግን ይህ መለኪያ ገና አልተቀመጠም። ይግባኝ የሚመዘነው በዘመኑ ሕግ ነው፤ ለሀውፕትማን ጥብቅና የሚቆሙ ብዙዎች የሚዘነጉት ይህን ነው።

ተረት 6፦ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥፋተኛነቱን አረጋግጧል።

እውነታ፦ ዲሴምበር 9 ቀን 1935 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያደረገው አቤቱታውን አላይም ማለት ብቻ ነው። እንዲህ ያለው እምቢታ ምክንያት አይጻፍበትም፤ የሥር ፍርድ ቤት ትክክል ነው ማለትም አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በየዓመቱ ከሚቀርብለት አቤቱታ እጅግ ጥቂቱን ብቻ መርጦ ያያል።

የእኛን አገር ሰበር የሚያውቅ አንባቢ "አያስቀርብም" የሚለው ቃል ትዝ ይለዋል። ነገሩ ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። እኛ ዘንድ አጣሪ ዳኞች "አያስቀርብም" ሲሉ በአቤቱታው ላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አላየንም ማለታቸው ነው። በአሜሪካ ይህን እንኳ አይሉም። ስለዚህ "ሦስት ፍርድ ቤት አጸናበት" የሚለው የተለመደ አባባል ለሀውፕትማን አይሠራም። አንድ ፍርድ ቤት ፈረደበት፤ አንዱ መርምሮ አጸና፤ ሦስተኛው ጉዳዩን አልነካውም።

ተረት 7፦ አገረ ገዥው ቢፈልግ በፊርማው ያድነው ነበር።

እውነታ፦ አገረ ገዥው ሃሮልድ ሆፍማን ፈልጎ ነበር፤ ሥልጣኑ ግን አልነበረውም። ሆፍማን ፍርዱን ስለተጠራጠረ በኦክቶበር 1935 በሌሊት ወህኒ ቤት ድረስ ሄዶ ሀውፕትማንን አነጋገረው። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ ኒው ጀርሲ ውስጥ ይቅርታ የሚሰጠው አገረ ገዥው ብቻውን ሳይሆን የይቅርታ ችሎት የሚባል አካል ነበር። አባላቱ አገረ ገዥው፣ ቻንስለሩና ስድስት የስህተትና የይግባኝ ፍርድ ቤት ዳኞች ናቸው። ይግባኙን ካጸናው ፍርድ ቤት የመጡ ሰዎች በይቅርታው ላይም ይቀመጡ ነበር ማለት ነው! ጃንዋሪ 11 ቀን 1936 ችሎቱ ልመናውን ሲጥል ለሀውፕትማን የቆመው ሆፍማን ብቻ ነበር። ከቀናት በኋላ ሆፍማን የ30 ቀን ማራዘሚያ ሰጠ፤ ከዚያ በላይ እጁ አልደረሰም።

በዚሁ ጊዜ አስገራሚ ነገር ተፈጠረ። የሀውፕትማንን ጥፋተኛነት የማይቀበለው ታዋቂው መርማሪ ኤሊስ ፓርከር፣ የሕግ ፈቃዱን የተነጠቀ አንድ ጠበቃ በሰዎች አሳግቶ፣ ብሩክሊን ውስጥ ምድር ቤት አስደብድቦ "የሊንድበርግን ልጅ የሰረቅሁት እኔ ነኝ" የሚል ቃል አስፈረመው። ሰውየው ከእጃቸው ሲወጣ ቃሉን ካደ። ሀውፕትማን ኤፕሪል 3 ቀን 1936 ትሬንተን ወህኒ ቤት በኤሌክትሪክ ወንበር ተገደለ። ፓርከርም በተራው በ1937 በፌዴራል ፍርድ ቤት ተከሶ ተፈረደበት፤ የተፈረደበትም በዚያው "የሊንድበርግ ሕግ" በሚባለው አዋጅ ነው። ይግባኝ ብሎ በ1939 ተሸነፈ፤ በ1940 እስር ቤት ሞተ። ሀውፕትማንን ያልነካው ሕግ፣ ሊያድነው የተነሳውን መርማሪ ያዘው።

ተረት 8፦ ይግባኝ ወይ ነፃ ያወጣል ወይ ባለበት ያስቀራል።

እውነታ፦ በመካከል ሰፊ ቦታ አለ። ከቅርቡ ዘመን የህንድን ምሳሌ እንውሰድ። የህንድ የወንጀል ሕግ በ1993 በአንቀጽ 364ሀ ለማስለቀቂያ ሲባል የሚፈጸም እገታን በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እስራት የሚያስቀጣ አድርጎት ነበር። ሀይደራባድ ውስጥ የባለሦስት ጎማ ታክሲ አሽከርካሪ የሆነ ሰው አንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ወስዶ ከአባቱ 200,000 ሩፒ ጠየቀ፤ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ጁን 28 ቀን 2021 የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች አሾክ ቡሻንና ሱባሽ ሬዲ ይህን ፍርድ አነሱት። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር፦ አንቀጹ ሦስት ነገር በአንድ ላይ ይጠይቃል። ሰው መታገቱ፣ ለመግደል ወይም ለመጉዳት መዛት ወይም ይህን የሚያስፈራ አድራጎት መኖሩ፣ ማስለቀቂያ መጠየቁ። አባትየው ልጁ በመልካም ሁኔታ እንደተያዘ ራሱ መስክሯል፤ ሁለተኛው ነገር አልተረጋገጠም። ይሁንና እገታው ተረጋግጧልና ሰውየው ነፃ አልወጣም፤ ቀለል ባለው የእገታ አንቀጽ ሰባት ዓመት እስራትና 5,000 ሩፒ መቀጫ ተፈረደበት።

ይግባኝ ወደ ላይም ሊወስድ ይችላል። ፊሊፒንስ ውስጥ በሴቡ ከተማ ሁለት እህትማማቾችን በማገት ዕድሜ ልክ የተፈረደባቸው ወጣቶች ጉዳይ በ2004 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ የአብዛኞቹ ቅጣት ወደ ሞት ከፍ ተደረገ። ሞት የቀረላቸው አገሪቱ በ2006 የሞት ቅጣትን ስትሰርዝ ነው። ይግባኝ የፍርደኛ ብቻ መሣሪያ ነው ማለትም በሁሉም አገር አይሠራም። በአሜሪካ ተከሳሽ አንዴ ነፃ ከተባለ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ማለት አይችልም፤ በኢትዮጵያ ግን ይችላል። አሜሪካ ሆነው የአገር ቤትን የፍርድ ዜና የሚከታተሉ ወገኖች "ነፃ ተብሎ እንዴት እንደገና ይከሰሳል?" ብለው ሲገረሙ የሚያደናግራቸው ይህ ልዩነት ነው።

ስለ ሀውፕትማን ሁለት ወገን ዛሬም ይከራከራል። ሚስቱ አና እስከ ሞተችበት እስከ 1994 ድረስ ንጹሕ ነው ስትል ኖራለች፤ በ1980ዎቹ ኒው ጀርሲን ከሳ ክሷ ሳይሳካ ቀርቷል። ከሁለቱ ወገኖች በይግባኙ ውሳኔ ክርክሩን ሊዘጋ የሚችል የለም። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ያለው ይህን ያህል ነው፦ ፍርዱ የተሰጠው በዘመኑ ሕግ መሠረት ነው፤ ማስረጃውም ይበቃል። በዚያች ሌሊት በመሰላሉ ላይ ማን ማን እንደነበረ፣ የረዳው ሰው ይኑር አይኑር፣ ይግባኙ አልጠየቀም፤ ሊጠይቅም አይችልም ነበር።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ከእንግዲህ "በእገታ የተፈረደበት እገሌ ይግባኝ አለ" የሚል ዜና ሲሰሙ ከመፍረድዎ በፊት አራት ነገር ይጠይቁ። የተፈረደበት በየትኛው አንቀጽ ነው? አንቀጹ ምን ምን እንዲረጋገጥ ይፈልጋል? ይግባኙ የሚቃወመው ጥፋተኛነቱን ነው ወይስ ቅጣቱን? የበላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን መርምሮ አጸና ወይስ አላይም አለ? መልሱን ሳያገኙ "ገንዘቡ አወጣው" ወይም "ሦስቴ ተረጋገጠበት" አይበሉ።